የማን እጅ ሥራ ነው?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባሎች በአዳራሽ ያደረጉት ንግግር



የሳይንስ ክበባችን በዚህ የበዓል ቀን አንድ ንግግር እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ ስለ ርእሱ ብዙ አልተከራከርንም። መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉንና፣ ከክበባችን አባሎች ብዙዎቹ ከፊዚክሱ መጽሐፍ ቀድመው አንብበው የጨረሱት ኮሚክ የሚባለውን በሥዕል የሚተረክ ልብ ወለድ ነው። ከእነዚህም መጻሕፍት ውስጥ አንድ ታሪክ ልብሱን እየለወጠ ይመላለሳል። አንዲት የጠፈር መርከብ ከምድር እጅግ ርቃ ትጓዝና በበረዶ ከተሸፈነች ጨረቃ ላይ ትደርሳለች። ተጓዦቹ ይወርዳሉ። ከበረዶው መካከል የሰው እጅ ያልነካው፣ ነገር ግን በራሱ የበቀለ የማይመስል አንድ ነገር ቆሞ ያገኛሉ፤ ዕድሜውም ሲመረመር ከሰው ዘር ዕድሜ የበለጠ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው እንደ ደራሲው ፈቃድ ነው። አንዱ ተጓዦቹን ለአውሬ ይሰጣቸዋል፤ ሌላው ጠቢባን አድርጎ ይመልሳቸዋል።

ወላጆቻችን ይህን የመሰለ መጽሐፍ በእጃችን ሲያዩ «ልጄ፣ ይህ ሥዕል እንጀራ ይሆንሃልን?» ይሉናል። እንጀራ መሆኑን እንጃ፤ ጥያቄ ግን ይሆናል። ተጓዦቹ ያንን ነገር ባዩ ጊዜ ወዲያውኑ «ይህ የተሠራ ነው» ይላሉ። በምን አወቁ? ተፈጥሮ የሠራውንና እጅ የሠራውን የሚለይ ምልክት ምንድን ነው? ለዛሬው ንግግራችን ምክንያት የሆነን ይህ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በሩቅ ጨረቃ ላይ ብቻ የሚቀር አለመሆኑን፣ እስከ አክሱም ድረስ የሚመጣ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ታሪኩን በዓለም ላይ ካስፋፉት ደራሲዎች አንዱ እንግሊዛዊው አርተር ክላርክ ነው። በ1951 በታተመ አንድ አጭር ልብ ወለድ ሰዎች በምድር ጨረቃ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ፣ ጥንት የተተወ ሥራ እንዲያገኙ አደረገ። ይህን ሐሳብ በኋላ ከሲኒማ አዘጋጁ ከስታንሊ ኩብሪክ ጋር ሆኖ አሰፋውና በ1968 «2001» የሚባለው ሲኒማና መጽሐፍ ወጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ከጨረቃ መሬት ተቈፍሮ የሚወጣው ነገር ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንደ ሳንቃ ያለ ድንጋይ መሰል ነው፤ ከተቀበረ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። የፀሐይ ብርሃን ባገኘው ጊዜ ወደ ሩቅ ዓለም ምልክት ይልካል፤ ሰዎችም ምልክቱን ተከትለው መርከብ ይሰዳሉ።

ሲኒማውና መጽሐፉ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በሲኒማው መርከቧ የምትሄደው ወደ ጁፒተር ነው። በመጽሐፉ ግን ጁፒተርን አልፋ ወደ ሳተርን፣ ሊቃውንቶቻችን ዙሐል ወደሚሉት ኮከብ ትሄድና ያፔቱስ ከምትባል በረዷማ ጨረቃ ትደርሳለች። የልዩነቱ ምክንያት የሚያስቅ ነው፤ የሲኒማው ሠራተኞች የሳተርንን ቀለበት ሰው አይቶ እንዲያምነው አድርገው መሥራት ስላልቻሉ ጕዞው በጁፒተር ላይ እንዲያበቃ ተደረገ። በኋላ ሲኒማውን በሥዕል የተረከው አሜሪካዊው ሠዓሊ ጃክ ከርቢ ነበር፤ በ1976 በትልቅ ቅጽ ከወጣ በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከታታይ እትም ሆኖ እስከ 1977 ዐሥር ቍጥር ድረስ ቀጠለ። የከርቢን ገጽ ያየ ሰው አይረሳውም። መስመሩ ወፍራም ነው፤ መሣሪያው ሁሉ የሚያጓራ ይመስላል፤ ያ ጥቁር ሳንቃ ግን አንድም ጌጥ ሳይኖርበት በገጹ መካከል ዝም ብሎ ይቆማል። ዝምታን በሥዕል ማሳየት ከባድ መሆኑን የሥዕል መምህራችን ደጋግመው ነግረውናል።

አሁን ልብ ወለዱን ለጥቂት ጊዜ እናስቀምጥና እውነተኛይቱን ያፔቱስን እንመልከት፤ እርስዋ ከልብ ወለዱ ይልቅ እንግዳ ናትና።

ያፔቱስን በ1671 ያገኛት በፓሪስ የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ዦቫኒ ካሲኒ ነው። ሰውየው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። ጨረቃይቱ ከሳተርን በስተምዕራብ ስትሆን በመነጽሩ ትታየዋለች፤ ዞራ በስተምሥራቅ ስትመጣ ትጠፋበታለች። ሳተርንን አንድ ጊዜ ለመዞር 79 ቀን ያህል ስለሚፈጅባት ነገሩን ደጋግሞ መመርመር ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ካሲኒ የደረሰበት ሐሳብ ይህ ነው፤ ያፔቱስ እንደ እኛ ጨረቃ ሁልጊዜ አንዱን ፊቷን ወደ ሳተርን አዙራ የምትሄድ ናት፤ አንደኛው ጎኗ ነጭ፣ ሌላው ጎኗ ጥቁር ነው፤ ስለዚህ ጥቁሩ ጎን ወደ እኛ ሲዞር ብርሃኗ ይጠፋል። በምሥራቅ በኩል በተሻለ መነጽር ሊያያት የቻለው በ1705 ነበር። ከ34 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ወንድሞቻችን፣ የቤት ሥራ በአንድ ሳምንት አላለቀም ብለን ስናጕረመርም ይህን ሰው እናስብ።

የዛሬ ልኬት ካሲኒ ትክክል እንደነበረ አረጋግጧል። ነጩ ጎን ከሚደርሰው ብርሃን ግማሽ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ጥቁሩ ጎን ግን እንደ ከሰል ነው፤ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይመልስም። ይህን ያወቀው ክላርክ በመጽሐፉ ላይ «አንድ ሰው ሆን ብሎ ቀለም የቀባት ብትሆንስ?» የሚለውን ሐሳብ ለመሠረት ወሰደው። በነጩ ጎን ላይ ጠርዙ የጠራ እንደ ዕንቍላል ያለ ሞላላ ክበብ ሣለ፤ በክበቡም መካከል እንደ ዓይን ብሌን ጥቁሩን ሳንቃ አቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ክላርክ ራሱ ደጋግሞ በደስታ ያወራው ነው። በ1980 ቮዬጀር 1 የምትባለው መርከብ በሳተርን አጠገብ ስታልፍ የያፔቱስን ፎቶግራፍ ላከች፤ በፎቶግራፉም ላይ ነጭ ሞላላ ሥፍራና በመካከሉ ጥቁር ነጥብ ታየ። የከዋክብት ሊቁ ካርል ሴገን አንዱን ቅጂ ለክላርክ ላከለት፤ በላዩም እያሰብንህ ነው የሚል አጭር ቃል ጻፈበት። ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ሽልማት ይፈልጋል?

ነገር ግን ሩቅ ፎቶግራፍ ብዙ ነገር ያስመስላል። በ1997 የተነሣችውና በዚያው በጥንቱ ሰው ስም ካሲኒ የተባለችው መርከብ በ2004 ሳተርን ደርሳ ወደ ያፔቱስ ስትጠጋ የዓይኑ ብሌን ጠፋ፤ በምትኩ ማንም ያልጠበቀው ሌላ ነገር ተገኘ። በ2004 የመጨረሻ ቀን በተነሡ ሥዕሎች ላይ በጨረቃይቱ ወገብ ዙሪያ፣ በጥቁሩ ጎን፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሸንተረር ታየ። ርዝመቱ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከፍታውም በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የእኛ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ጥቂት ብቻ ስለሚያልፍ አራቱን ደራርበን ብናቆም እንኳ ከጫፉ ላይ አንደርስም። ይህንንም የተሸከመችው ከዳር እስከ ዳር 1,470 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነች ትንሽ ጨረቃ ናት። በሥዕል ስትታይ በወገቧ ላይ ስፌት ያለባት የኮክ ፍሬ ትመስላለች።

እንግዲህ አስቡት። ግማሽዋ ነጭ፣ ግማሽዋ ጥቁር፣ በወገቧ ላይ ደግሞ በገመድ የተለካ የሚመስል ግንብ! ሥዕሉ እንደወጣ በ2005 «ይህች ጨረቃ የተሠራች ናት» ብለው የጻፉ አልጠፉም። በእኛም ክበብ ውስጥ ሥዕሉን መጀመሪያ ያዩት አባሎች ያሉት ይህንኑ ነው። እኛ ግን አንድ ሕግ አለን፤ አንድን ነገር «የእጅ ሥራ ነው» የሚል ሰው ተፈጥሮ ልትሠራው የማትችል መሆኑን አስቀድሞ ማሳየት አለበት። ስለዚህ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እናንሣ።

የቀለሙ ነገር ይቀድም። ከያፔቱስ ውጭ ፊቢ የምትባል ጥቁር ጨረቃ በተቃራኒ አቅጣጫ ትዞራለች። በ2009 ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በፊቢ መንገድ ላይ በዓይን የማይታይ እጅግ ሰፊ የትቢያ ቀለበት አገኘ። ያ ትቢያ ወደ ውስጥ ሲወርድ ያፔቱስ በጕዞዋ ፊት ለፊት በሚሆነው ጎኗ ትቀበለዋለች፤ መኪና በአቧራ መንገድ ላይ ሲሄድ የፊት መስታወቱ ቀድሞ እንደሚቆሽሽ ማለት ነው። ትቢያው ብቻውን ይህን ያህል አያጠቁርም ነበር። ነገር ግን ጥቁር ነገር ሙቀት ይይዛል። በጥቁሩ ጎን ቀትር ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 144 ዲግሪ ያህል ሲሆን በነጩ ከዜሮ በታች 160 ያህል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ በጥቁሩ ጎን ያለው በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ እየተነነ ሄዶ በቀዝቃዛው ጎን ላይ እንዲያርፍ ይበቃል። በረዶው በሄደ ቍጥር የሚቀረው ጥቁር ትቢያ ነው፤ ጥቁሩም በጠቆረ ቍጥር ይበልጥ ይሞቃል። እንግዲህ ቀቢው ተገኘ፤ ሥራውንም የሠራው ያለ ብሩሽ ነው።

ሸንተረሩ ከዚህ ይከብዳል። ያፔቱስ በወጣትነቷ በፍጥነት ትሽከረከር ስለነበረ ወገቧ አብጦ የቀረ ነው የሚሉ አሉ። ጥንት የራስዋ ቀለበት ነበራትና ፍርስራሹ በወገቧ ላይ ዘንቦ የተከመረ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተቈረጠም። ሆኖም ሸንተረሩን ቀርበው ሲያዩት በራሱ ላይ ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች የተቦረቦሩ ጕድጓዶች ሞልተውበታል፤ በአንዳንድ ሥፍራ ይቋረጣል፤ በአንዳንድ ሥፍራ ሦስት ሆኖ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ወደ ነጩ ጎን ሲደርስ ለየብቻ ወደቆሙ ተራራዎች ይለወጣል። ግንበኛ እንዲህ አይሠራም። ደግሞም ጨረቃይቱ ስትመዘን በመጠን እኩል ከሆነ ውሃ በጥቂት ብቻ ትበልጣለች፤ አንዱ ሊትር 1.09 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህም አብዛኛው አካሏ በረዶ መሆኑን ያሳያል። ባዶ ሆና የተሠራች ብትሆን ከውሃ በታች በቀለለች ነበር።

የካሲኒ መርከብ በመስከረም 10 ቀን 2007 ከያፔቱስ 1,640 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አለፈች። በዚያ ጊዜ ክላርክ በሚኖርበት በስሪላንካ ሆኖ ለመርከቧ ሠራተኞች የሰላምታ መልእክት በፊልም ቀርጾ ላከ። ሳንቃው እንደሌለ ያውቅ ነበር፤ ደስታው ግን አልቀነሰም። በመጋቢት 2008 በ90 ዓመቱ አረፈ።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለማንም የሚጎዳ ነገር የለበትም። ያፔቱስ ላይ ሠራተኛ የለም፤ «ሳንቃውን ሌሎች አቆሙት» ብንል የማንንም አያት ስም አንሰርቅም። ታሪኩ ወደ ምድር ሲወርድ ግን መልኩ ይለወጣል፤ የዛሬው ንግግራችን ዋና ጕዳይም ይህ ነው።

ቀደም ብለን ያነሣነው ጃክ ከርቢ «2001»ን በሣለበት በዚያው በ1976 «ዘለዓለማውያን» የሚል ትርጕም ያለው ሌላ የሥዕል ልብ ወለድ ጀምሮ ነበር። ይህ ደግሞ የሚጀምረው በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራራዎች ውስጥ ነው። አንድ የጥንት ታሪክ ሊቅና ሴት ልጁ ወደ ኢንካዎች ፍርስራሽ ገብተው ከሰማይ የወረዱ ኃያላን የተዉትን አዳራሽ ያገኛሉ። ሥዕሉ እጅግ ያምራል። ሐሳቡ ግን ከስዊሱ ጸሐፊ ከኤሪክ ፎን ዴኒከን ጋር ይዘመዳል፤ እርሱ በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ የጥንት ሕዝቦች ታላላቅ ሥራ ሁሉ ከሌላ ዓለም የመጡ እንግዶች እርዳታ እንዳለበት ለማስረዳት ሞከረ። ከርቢ የጻፈው ልብ ወለድ ነው፤ ልብ ወለድም መሆኑን ይናገራል፤ አንነቅፈውም። ፎን ዴኒከን ግን እውነት ነው ብሎ ጻፈ።

አንድ ሠዓሊ በአንድ ዓመት በሣላቸው በእነዚህ ሁለት መጻሕፍት መካከል ያለውን ልዩነት አስተውሉልን። በአንደኛው እንግዶቹ ማንም ባልነበረበት ሥፍራ ምልክት ያቆማሉ። በሁለተኛው ግን የተቆመውን ድንጋይ የጠረቡ ሰዎች ነበሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ በዚያው ተራራ ላይ ድንች ይተክላሉ። የኢንካን ድንጋይ የሠራ ማን ነው ብሎ ለመጠየቅ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ አያስፈልግም፤ ወደ ድንጋይ ካባው መሄድ ይበቃል። ኦያንታይታምቦ በሚባለው ሥፍራ፣ ከካባው እስከ ሕንጻው ባለው መንገድ ላይ፣ በጕዞ የቀሩ ታላላቅ ድንጋዮች ዛሬም ወድቀው ይታያሉ፤ የአገሩ ሰዎች «የደከሙት ድንጋዮች» ይሏቸዋል። ዣን ፒየር ፕሮትዘን የተባለ የሕንጻ ጥበብ መምህርም በ1980ዎቹ የጥንቶቹ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረውን ዓይነት ድንጋይ እንደ መዶሻ ይዞ ራሱ እየጠረበ ሥራው የሚቻል መሆኑን አሳየ።

በእኛው በአፍሪካ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በዚያ ጊዜ ሰማያዊ እንግዶች እንኳ አላስፈለጉም። በ1891 እንግሊዛዊው ቴዎዶር ቤንት ታላቋን ዚምባብዌ ቈፈረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ሠሪዎቹ ከዐረብ አገር የመጡ ናቸው አለ። በዙሪያው የሚኖሩት የሾና ሰዎች አባቶች ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ማሰብ ከበደው። ይኸው ሰው በ1893 ወደ አገራችን መጥቶ አክሱምን ጐብኝቶ መጽሐፍ ጽፏል። በ1929 ግን ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን የምትባል ተመራማሪ በዚምባብዌ ግንቦች ሥር በጥንቃቄ ቈፍራ ሥራው የአፍሪካውያን መሆኑን አስረዳች። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከ1965 ጀምሮ የነበረው የሮዴዥያ ነጮች መንግሥት ይህ እውነት በመጻሕፍት እንዳይገለጽ ተጫነ። ግንቡን የሠሩት የጥቁሮቹ አያቶች ከሆኑ «አገሩን ያቀናነው እኛ ነን» የሚለው ወሬ ይፈርሳልና። በ1980 አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ስሟን ከዚያው ግንብ ወሰደች። እንግዲህ «የማን እጅ ሥራ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሥዕል መጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደ አክሱም እንምጣ። ከሐውልቶቹ ሁሉ ትልቁ የወደቀው ነው፤ ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል ይገመታል። «ይህን የሚያህል ድንጋይ በዚያ ዘመን ሰው እንዴት አነሣው?» የሚለውን ጥያቄ እያንዳንዳችን ጠይቀናል፤ መጠየቁም መልካም ነው። ክፋቱ መልሱን ሳይፈልጉ «ሰው አላነሣውም» ማለት ነው። ከከተማው በስተምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ጎበድራ የሚባል ኮረብታ አለ። እዚያ በድንጋዩ ላይ በመስመር የተሰለፉ ትናንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ሽብልቅ የገባባቸው ናቸው። ጠራቢዎቹ በሽብልቁ ድንጋዩን በመስመሩ ላይ ይሰነጥቁ ነበር። ቀዳዳው ተበጅቶ ያልተሰነጠቀም አለ፤ ተጀምሮ የተተወም አለ።

ይህ የተተወው ሥራ ከቆመው ሐውልት ይልቅ ይናገራል እንላለን። የቆመው ሐውልት ያስደንቃል፤ ያልተጨረሰው ግን ሠሪውን ያሳያል። ጠዋት መጥቶ መስመሩን አየ፤ ቀዳዳውን ማበጀት ጀመረ፤ ድንጋዩ ስንጥቅ እንዳለበት ተገነዘበ ወይም አለቃው «ተወው» አለው። ታላቁ ሐውልትም መውደቁ ራሱ ምስክር ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ሲቆም ወይም ከቆመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ እንደወደቀ ያምናሉ፤ መሠረቱ ለዚያ ክብደት አይበቃም ነበር። ከከዋክብት መካከል መንገድ አግኝቶ የመጣ ጠቢብ መሠረት ማስላት ያቅተዋልን?

ስለ ላሊበላም አንድ ቃል እንጨምር፤ አያቶቻችን ከአዳራሹ ውስጥ አሉና ዝም ብንል ይታዘቡናል። ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በማነጽ መላእክት እንደረዱ በአባቶቻችን ዘንድ ይነገራል። ይህ ከፎን ዴኒከን ነገር ጋር አንድ አይደለም። ትውፊቱ ቀን ሰዎቹ ሲሠሩ ይውላሉ፣ ሌሊት መላእክት ይቀጥላሉ ይላል እንጂ ሠራተኛውን ከሥራው አያስወጣውም። ንጉሡም ጠራቢዎቹም በታሪኩ ውስጥ አሉ፤ መሮውም አለ። እምነቱን የሚያምን ተማሪ የመሮውን ምልክት በግድግዳው ላይ ለመፈለግ የሚከለክለው ነገር የለም።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ልብ ወለዱ ስንመለስ አንድ ነቀፌታ እናቀርባለን። የክላርክ ሳንቃ እጅግ ፍጹም ነው። ጭረት የለበትም፤ ካባ የለውም፤ በአጠገቡ የወደቀ ፍልጥ፣ የተሰበረ መሣሪያ፣ የተበላሸ ሙከራ አይገኝም። ማንነቱን የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውፍረቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ በ1፣ በ4 እና በ9 ይመዛዘናሉ። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው «የ1፣ የ2 እና የ3 ካሬ» አሉ። ብልህ ምልክት ነው፤ ተፈጥሮ በአጋጣሚ እንዲህ አድርጋ አትቈርጥም። ነገር ግን የሠሪውን አሳብ ያሳያል እንጂ እጁን አያሳይም። እኛ በክበባችን እንዲህ ያለ የሥዕል ታሪክ ብንሠራ ኖሮ ሳንቃውን ትተን ካባውን እንሥል ነበር።

ይህን የምንለው በከንቱ አይደለም፤ በእውነተኛዪቱ በረዷማ ጨረቃ ላይ የእጅ ሥራ አለና። ከካሲኒ መርከብ ጋር አብራ የተጓዘችው ሁይገንስ የምትባል፣ አውሮፓውያን የሠሯት 318 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን መሣሪያ፣ በጥር 14 ቀን 2005 ከሳተርን ጨረቃዎች በትልቋ፣ በቲታን ላይ አረፈች። በዚያ ያሉት ጠጠሮች በረዶ ናቸው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ያህል ነው። ስትወርድ የሙቀት መከላከያ ጋሻዋን ጣለች፤ ትልቁን ጃንጥላዋንም ጣለች፤ በትንሹ ጃንጥላ ሆና ወረደች። ካረፈች በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሬ ላከች፤ ከዚያ ካሲኒ ከአድማስ በታች ገባችና መልእክቷን የሚቀበል ጠፋ። ባትሪዋም ኋላ አለቀ። እርስዋም ጋሻዋም ጃንጥላዋም እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። የካሲኒ መርከብ ግን በመስከረም 15 ቀን 2017 በሳተርን ከባቢ አየር ውስጥ ተቃጥላ አለቀች።

እንግዲህ አንድ ቀን ከሌላ ዓለም የመጣ ተጓዥ ቲታን ላይ ቢወርድ በእኛ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ታሪክ በተገላቢጦሽ ያነበዋል፤ የጥንቱ እንግዳ ሰው ይሆናል። የተጣለውን ጋሻ ከመሣሪያይቱ ርቆ ሲያገኘው፣ በሌላ ሥፍራ ጃንጥላውን ሲያገኝ፣ ከየት በኩል እንደወረደች፣ ምን እንደፈራች፣ በምን እንደተጠነቀቀች ያውቃል። ቃል አያስፈልገውም።

በቃል የተላከ ደግሞ አለ። በ1977 የተነሡት ሁለቱ ቮዬጀሮች ለማይታወቅ አድማጭ በ55 ቋንቋ የተነገረ ሰላምታ በወርቅ በተለበጠ ሸክላ ይዘዋል። ከአፍሪካ እንደ ሉጋንዳና ሶቶ ያሉ ጥቂት ቋንቋዎች ገብተዋል። ተናጋሪ የሌላቸው ሱመርኛና አካድኛ ሳይቀሩ ተመዝግበዋል። አማርኛ የለበትም፤ ግዕዝም የለበትም። ከክበባችን አባሎች አንዷ ይህን በሰማች ጊዜ ተቈጥታ ደብዳቤ ልትጽፍ ነበር፤ መርከቦቹ ከፀሐይ ነፋስ ወሰን ማለፋቸውን ነግረን አረጋጋናት። ወደ በረዷማዋ የጁፒተር ጨረቃ ወደ አውሮፓ የምትሄደው ክሊፐር በጥቅምት 14 ቀን 2024 ተነሥታለች፤ በ2030 ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል። ያን ጊዜ ከእኛ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ እንሆናለን፤ ወሬውን በጋዜጣ ከመጠበቅ ይልቅ ፎቶግራፉን ራሳችን እየለካን ብናነብ እንወዳለን።

ንግግራችን እዚህ ላይ ነው። አሁን አራት ፎቶግራፎች በግድግዳው ላይ ይታያሉ። ሁለቱን የካሲኒ መርከብ ያነሣቻቸው የያፔቱስ ሥዕሎች ናቸው፤ ሁለቱ ከጎበድራ ድንጋይ ላይ በቅርብ የተነሡ ናቸው። ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርገናቸዋል፤ መጠናቸውን የሚያሳየውንም ሁሉ ከዳር ቈርጠን አውጥተናል። እያንዳንዱ ሲታይ «የእጅ ሥራ ነው» የምትሉ እጃችሁን ታነሣላችሁ፤ ወላጆችና መምህራንም ጭምር። ምክንያታችሁንም እንጠይቃለን። በመጨረሻው ረድፍ ያላችሁ መጋረጃውን ዝጉልን። መብራቱም ይጥፋልን።